«ይከተባሉ?» ብሎ መጠየቅ እና ወረፋ መያዝ

የጥናት ዘዴ ትምህርት ስንማር መጠይቅ ማዘጋጀት ነበረብንና እኔ ከጻፍኳቸው ጥያቄዎች አንዱ «አዲስ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ቢነሳና ክትባት ቢቀርብልዎ ይከተባሉ?» የሚል ነበር። መልሱ «አዎ»፣ «አልከተብም»፣ «እርግጠኛ አይደለሁም» ነው። «አዎ» ያሉት ይቆጠሩና ውጤቱ «የኅብረተሰቡ ፈቃደኝነት» ተብሎ ይጻፋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ እንደማይነግረን ነው። ሰው እሺ ወይም እምቢ የሚለው ክትባት ለሚባል ነገር በጥቅሉ ሳይሆን፣ በአንድ የታወቀ ቀን፣ በአንድ ሰው እጅ ለቀረበለት መርፌ ነውና።

ይህን ያስተማረችኝ ተጂ የምትኖር አክስቴ ናት። ተጂ ሰበታን አልፎ በጅማ መንገድ ላይ፣ በበቾ ሜዳ ጥቁር አፈር ላይ ያለች ከተማ ናት። ጤፍና ሽምብራ የሚመረትበት አገር ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃው አያስኬድም። አክስቴ የልጆቿን ክትባት አንዱንም አላስቀረችም፤ የክትባት ካርዳቸውን ከቤቱ ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ነው የምታስቀምጠው። በኮቪድ ጊዜ ግን ራሷ አልተከተበችም። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ ሲወራ የነበረውን የ666ና የመምከን ወሬ ትነግረኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ እቴ!

«በኅዳር ነዋ የመጡት» አለችኝ። «ጤፉ ደርሶ ሊረግፍ! ጎረቤቴ ተወግታ ሁለት ቀን ተኛች። እኔ ብተኛ ማን ያጭድልኛል?»

እንግዲህ ይህቺን ሴት በእኔ መጠይቅ ላይ የት ነው የማስቀምጣት? ያኔ የጠየቃት ቢኖር ኖሮ «አልከተብም» በሚለው ሣጥን ውስጥ ትገባ ነበር፤ እኛም «የግንዛቤ እጥረት» ብለን እንጽፍላት ነበር። ግንዛቤ አላነሳትም። ክትባት ከወሰዱ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ማተኮስና መድከም የሚጠበቅ ነገር መሆኑን ጎረቤቷን አይታ አውቃለች። ዘመቻው ደግሞ በኅዳር 2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር የበቾ ገበሬ ማጭድ ይዞ ነበር።

ወደ ኋላ መለስ ብለን ብናይ የኮቪድ ክትባት አመጣጡ ራሱ ለአመኔታ የሚመች አልነበረም። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን ክትባቱ በይፋ የተጀመረው ልክ በዓመቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብላ ዴንማርክ ያንኑ አስትራዜኔካ የተባለውን ክትባት በደም መርጋት ጥርጣሬ ለጊዜው አቁማው ነበር። ዜናው በራዲዮም በስልክም ደረሰን። በዚያው ወር ሕንድ ክትባቱን ወደ ውጭ መላክ በመግታቷ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሁለተኛው ዙር ዘገየ። ከዚያ ሲኖፋርም፣ ጆንሰን፣ ፋይዘር ተከታትለው መጡ፤ አንዱ አንድ ጊዜ ይወጋል፣ ሌላው ሁለቴ። ታዲያ ተጂ ላይ ያለ ሰው «የቱ ነው የሚሻለው? ሁለተኛውስ ይመጣል?» ብሎ ቢያመነታ ምን ይገርማል?

«ያልተማረ ሕዝብ ነው እንዲህ የሚሆነው» የሚል ካለ ፈረንሳይን ይመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት ሰኔ 4 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2009) ስዋይን ፍሉን ወረርሽኝ ብሎ ሲያውጅ፣ ፈረንሳይ 94 ሚሊዮን ዶዝ አዘዘች። በመጨረሻ የተከተበው ግን ከአሥር ሰው አንድ እንኳ አልሞላም። በኋላ ከተነሱት ወቀሳዎች አንዱ እኔን በጣም ነው የሳበኝ፦ መንግሥት ሰዉ የሚያውቃቸውን የቤተሰብ ሐኪሞች ትቶ ክትባቱን በስፖርት አዳራሾችና በልዩ ጣቢያዎች መስጠቱ ነው። ሐኪሞቹ እንዲገቡበት የተደረገው ወረርሽኙ እየበረደ ሲሄድ ነበር። የአዳራሹና የማጭዱ ነገር ለእኔ አንድ ዓይነት ነው። ክትባቱ አለ፤ አቀራረቡ ግን የሰውየውን ኑሮ አላየም።

ለኢንፍሉዌንዛ ደግሞ የራሱ የሆነ ችግር አለ፤ ስሙ። ጉንፋን ብለን ስንጠራው ዳማከሴና ዝንጅብል የሚበቃው ይመስላል። «የአሳማ ጉንፋን» ሲባል ደግሞ የባሰ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት አገር የሌላ ሰው በሽታ ሆኖ ቀረ። በሽታው ግን በዚያው ሰኔ አገራችንም ገብቶ ነበር። የጉንፋንን ትልቅነት የሚያስታውሰን በሌላ ስም የምናውቀው የ1911ዱ የኅዳር በሽታ ነው። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደሞተበት ይነገራል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የዳኑት። ያኔ እንኳን ክትባቱ ቫይረሱም አይታወቅም፤ በሰው ላይ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን እናቃጥላለን። ኅዳር ሲታጠን ከሚያጨሱት ውስጥ ጭሱ የጉንፋን መታሰቢያ መሆኑን የሚያውቅ ስንቱ ይሆን?

አዲስ የኢንፍሉዌንዛ ዝርያ ከተለየ በኋላ ክትባቱን ሠርቶ ለማውጣት አምስት ስድስት ወር ይፈጃል። እነዚህ ወራት በበኩሌ ባዶ መጠበቂያ አይመስሉኝም። አጨዳው መቼ እንደሚያልቅ፣ መርፌውን ማን እንደሚወጋ፣ የሚተኛ ሰው ቢኖር ማን እንደሚተካው በየቀበሌው የሚጠየቅባቸው ናቸው። የእኔም መጠይቅ «ይከተባሉ?» ከሚለው ይልቅ «በየትኛው ወር? በማን እጅ? ሁለት ቀን ቢያምዎ ሥራዎን ማን ይሠራልዎታል?» ቢል ይሻል ነበር። ለመቁጠር እንደማይመች አውቃለሁ።

ከተጂ ልመለስ ስል አክስቴን ዋናውን ጥያቄ ጠየቅኳት፤ እንደ ኅዳር በሽታ ያለ ጉንፋን ቢመጣና ክትባት ቢኖር ትወጊያለሽ ወይ አልኳት። ሽምብራ እየለቀመች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ ልጅ፣ የምትወጋኝ ያቺ የጤና ኤክስቴንሽኗ ናት?»

«ብትሆንስ?»

«ከጥር በኋላ ትምጣ።»