የድንጋይ ዕድሜ ልኬትና የጂኦሎጂ ተማሪ ሥልጠና

አንድ የድኅረ ምረቃ የጂኦሎጂ ተማሪ ጊዜውን በምን ያሳልፋል ቢባል ብዙዎቻችን መዶሻ ይዞ ድንጋይ መስበርን እናስባለን። እኛ የፊዚክስ ሰዎች ደግሞ፣ ሳንደብቅ እንናገርና፣ የድንጋይን ዕድሜ የሚለካው የእኛ መሣሪያ ነው፤ ጂኦሎጂስቱ ናሙና አቀባይ ነው የሚል አስተሳሰብ አለብን። በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር በጎረቤት ቤተ ሙከራ የነበሩት የጂኦሎጂ ተማሪዎች ድንጋይ ፈጭተው፣ ነፍተውና አጥበው፣ ቅንጣቶቹን በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ በአንድ በወረንጦ ሲመርጡ ሳምንታት ያልፉ ነበር። ምስር የሚለቅሙ ይመስሉን ነበር። ስሌቱን ከሠራነው በኋላ ግን የተሳሳትነው እኛ እንደሆንን ተረዳን።

ስሌቱ እነሆ። በተፈጥሮ ከሚገኙ 100,000 የፖታሲየም አተሞች 12 ያህሉ ፖታሲየም-40 የተባለው ራዲዮአክቲቭ አይሶቶፕ ናቸው። ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ከሚፈራርሱት አተሞች ውስጥ 89 ከመቶ ያህሉ ወደ ካልሲየም-40፣ 11 ከመቶ ያህሉ ወደ አርጎን-40 ይለወጣሉ። አርጎን ጋዝ በመሆኑ ከቀለጠ አለት ያመልጣል፤ ድንጋዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን በክሪስታሉ ውስጥ ታስሮ ይጠራቀማል። በ2 ሚሊዮን ዓመት ጊዜ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የፖታሲየም-40 አተሞች 1,100 ያህሉ ይፈራርሳሉ፤ ከእነዚህም አርጎን የሚሆኑት 120 ብቻ ናቸው። 600 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው ጥንታዊ አለት ውስጥ ግን ቁጥሩ 30,000 ይደርሳል። አንባቢው እስክሪብቶ ይዞ ያስላ፦ ከ250 ቅንጣቶች መካከል አንዷ ብቻ ጎርፍ ከጥንታዊው አለት ጠርጎ ያመጣት ብትሆን፣ 30,000 ለ250 ሲካፈል 120 ስለሚሆን፣ የአርጎኑ መጠን በእጥፍ ያድጋል። የ2 ሚሊዮን ዓመቱ ድንጋይ 4 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ ይመዘገባል። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ የቀረበለትን በትክክል ለክቷል።

ይህ የወረቀት ላይ ሥጋት ብቻ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በኬንያ ከቱርካና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኘው ኩቢ ፎራ፣ ኬ.ቢ.ኤስ. ተፍ የተባለ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር አለ። በ1969 የተለካው የመጀመሪያ ናሙና ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሚል ውጤት ሰጠ። አሮጌ ቅንጣቶች እንደተቀላቀሉበት ግልጽ ነበር። በተመረጡ ክሪስታሎች ሲደገም ውጤቱ 2.6 ሚሊዮን ሆነ። በ1972 ከዚያ ንብርብር በታች የተገኘው ዝነኛ የራስ ቅልም ዕድሜው በዚሁ ቁጥር ተገመተ። ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ብዙ ክርክር የተመሠረተው በዚህ አንድ ልኬት ላይ ነበር።

ቁጥሩን የተጠራጠሩት በመጀመሪያ የፊዚክስ ሊቃውንት አልነበሩም። ከአመዱ በታች የተገኙት የአሳማ ቅሪተ አካላት በኢትዮጵያ ታችኛው ኦሞ፣ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆኑ ንብርብሮች ውስጥ ከተገኙት ጋር ይመሳሰሉ ነበር። ይህን ማነጻጸር ያስቻለው በኦሞ የነበረው የመስክ ሥራ ነው። ፍራንክ ብራውን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ኦሞ መጥቶ ይሠራ ነበር። ከመምህሩ ከኢያን ካርማይክል ጋር በዚያው አካባቢ ስላሉት የኮራት እሳተ ገሞራዎች በ1969 ጽሑፍ አሳተመ፤ ዶክትሬቱንም በ1971 አገኘ። በኦሞ ያለው የሹንጉራ ንብርብር ውፍረቱ ከ700 ሜትር ይበልጣል፤ ክፍሎቹ በመካከሉ ባሉት የአመድ ንብርብሮች ተለይተው በላቲን ፊደላት ተሰይመዋል። እንዲህ ያለውን ክምችት የሚያጠና ተማሪ በእያንዳንዱ ሸለቆ ንብርብሩን ይለካል፤ ዝንባሌውን በኮምፓስ ይመዘግባል፤ ስንጥቅ ያዛነፈው መሆኑን ያጣራል፤ ናሙናው ከየትኛው ከፍታ እንደተወሰደ በደብተሩ ይጽፋል። አሰልቺ ሥራ ነው።

ፍሬው የታየው ቆይቶ ነው። ከአንድ ፍንዳታ የወጣ አመድ በብርጭቆ ቅንጣቶቹ ውስጥ ያለው የብረት፣ የቲታኒየምና የሌሎች ንጥረ ነገሮች መጠን እንደ ጣት አሻራ ነው። በ1979 ቱሬ ሰርሊንግ፣ ብራውንና ባልደረቦቻቸው በዚህ መንገድ ኬ.ቢ.ኤስ. ተፍ በሹንጉራ ኤች-2 ከተባለው አመድ ጋር አንድ መሆኑን አሳዩ። በ1975 በበርክሌይ የተደረገው ልኬት 1.6 እና 1.8 ሚሊዮን ሰጥቶ ነበር፤ በ1980 ከአውስትራሊያ የወጣው ልኬት 1.89 ሚሊዮን አለ። ክርክሩም በዚሁ ገደማ ረገበ። አሥር ዓመት ፈጅቷል፤ በእኛ አስተያየት ብዙ አይደለም።

ይኸው ጥበብ በቅርቡም በአገራችን ሠርቷል። በኦሞ ኪቢሽ የተገኙት የዘመናዊው ሰው አጽሞች በ2005 በታተመው ጥናት 195,000 ዓመት ገደማ ተብለው ነበር፤ ከጥናቱ አቅራቢዎች አንዱ ያው ብራውን ነው። ከአጽሞቹ በላይ ያለው ወፍራም አመድ ግን በጣም ደቃቅ ስለሆነ ለልኬት የሚበቁ ክሪስታሎች አልተገኙበትም። በ2022 የታተመ ጥናት የአመዱን ኬሚካዊ አሻራ ተከትሎ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደሚገኘው የሻላ እሳተ ገሞራ ደረሰ፤ እዚያ ያሉትን ክሪስታሎች ለክቶም ፍንዳታው የደረሰው ከ233,000 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን አገኘ፤ ስሕተቱ በ22,000 ዓመት ወዲያና ወዲህ ነው። ከአመዱ በታች ያለ አጽም ከአመዱ ይበልጣል እንጂ አያንስም። በምን ያህል እንደሚበልጥ ግን ይህ ልኬት አይናገርም፤ ለዚያ ከአጽሙ በታች ያለውን ንብርብር የሚቆፍርና የሚለቅም ሰው ያስፈልጋል።