ቁመትን በጥላ መለካት፦ የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ትምህርት

አገር ቤት ሒሳብን በአማርኛ የጀመራችሁ ተማሪዎች፣ በኮሌጅ ፕሌስመንት ፈተና ላይ «ዳይሌሽን» እና «ስኬል ፋክተር» የሚሉ ቃላት ሲመጡ አዲስ ትምህርት ሊመስላችሁ ይችላል። ትምህርቱ ግን የምታውቁት ነው። በቃላቱ ብቻ ተደናግራችሁ ለምታውቁት ኮርስ ዳግም እንዳትከፍሉና አንድ ተርም እንዳታባክኑ ይህን አጭር ማብራሪያ አንብቡ።

መሠረቱ

ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ተመሳሳይ የሚባሉት ማዕዘኖቻቸው እኩል ሲሆኑ ነው። ያኔ የአንዱ ጎኖች ሁሉ በአንድ ቁጥር ሲባዙ የሌላኛውን ተጓዳኝ ጎኖች ይሰጣሉ። ያ ቁጥር ስኬል ፋክተር ይባላል። ዳይሌሽን ማለት ደግሞ ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ቅርጹን በዚያ ቁጥር ማሳደግ ወይም ማሳነስ ነው። መጠኑ ይለወጣል፤ ማዕዘኖቹ ግን እንዳሉ ናቸው።

ምሳሌ 1፦ የአክሱም ሐውልት

በ1937 እ.ኤ.አ. ወደ ሮም ተወስዶ፣ በ2005 ተመልሶ፣ በ2008 ዳግም የቆመው ሐውልት 24 ሜትር ያህል ቁመት አለው። ማንም ሳይወጣበት ይህን ማወቅ ይቻላል። 2 ሜትር ዘንግ አጠገቡ ቀጥ አድርገን እንትከል። የዘንጉ ጥላ 1.5 ሜትር፣ በዚያው ሰዓት የሐውልቱ ጥላ 18 ሜትር ነው እንበል። ሁለቱም ከመሬት ጋር 90 ዲግሪ ይሠራሉ፤ የፀሐይ ጨረርም በሁለቱም ላይ በአንድ ማዕዘን ይወርዳል። ስለዚህ ሦስት ማዕዘኖቹ ተመሳሳይ ናቸው።

18 ÷ 1.5 = 12
2 × 12 = 24 ሜትር

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በመደመር ነው። ጥላው በ16.5 ሜትር ስለበለጠ ቁመቱም በ16.5 ይበልጣል ብለው 18.5 ይጽፋሉ። ተመሳሳይ ቅርጾች የሚያድጉት በማባዛት እንጂ በመደመር አይደለም።

ምሳሌ 2፦ የሬንተን ጥድ

በዲሴምበር መጨረሻ ሬንተን ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን እንኳ ከአድማስ 19 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የምትለው። ስለዚህ ጥላ የቁመት ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል፤ 1.7 ሜትር ሰው 5 ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። የጥላችሁ ጫፍ ከዛፉ ጥላ ጫፍ ጋር እስኪገጥም ድረስ በዛፉ ጥላ ውስጥ ቁሙ። ከእናንተ እስከ ዛፉ ግንድ 30 ሜትር ቢሆን ዛፉ ስንት ሜትር ነው?

የዳይሌሽኑ መነሻ ሁለቱ ጥላዎች የሚገናኙበት ጫፍ ነው። ርቀት ሁሉ የሚለካው ከዚያ ነው። የትልቁ ሦስት ማዕዘን መሠረት 30 ሳይሆን 5 + 30 = 35 ሜትር ነው።

35 ÷ 5 = 7
1.7 × 7 = 11.9 ሜትር

30ን ለ5 ያካፈለ ተማሪ 10.2 ሜትር ያገኛል፤ ከትክክለኛው በአንድ ሰው ቁመት ያነሰ። ፈተና ላይ አንዱ ሦስት ማዕዘን በሌላው ውስጥ ሲሳል ወጥመዱ ይኸው ነው። ጎኑን በከፊል ሳይሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሰዱ።

እናንተ ሞክሩ

1.6 ሜትር የሆነች ተማሪ ጥላዋ 2 ሜትር ነው። በዚያው ሰዓት የአንድ ሕንፃ ጥላ 15 ሜትር ነው። ሕንፃው ስንት ሜትር ነው? 12 ካገኛችሁ ትምህርቱ ገብቷችኋል፤ ለጓደኛችሁም አስረዱ። ሌላ ቁጥር ከመጣ ግን የደመራችሁበት ቦታ እንዳለ ተመልከቱ። መልካም ጥናት!