ኪሎው ጨመረ፣ ጉልበቱ ከዳ

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመታቸው ነው። ከሀብሩ ገጠር ወልድያ እኔ ዘንድ ከመጡ ወዲህ ወፍረዋል፤ ለመነሳት ግን የሰው እጅ ይሻሉ። ስኳርም ጀምሯቸዋል። ምግብ ልቀንስባቸው?

መልስ፦ አይቸኩሉ፤ ምግብ መቀነስ ብቻውን ጡንቻቸውንም ይወስደዋል። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር በብዛት የሚቀበለው ጡንቻ ነው። የማሽላ አረሙና ውኃ መቅዳቱ ሲቀር ጡንቻው ይሳሳል፣ ስብ ይተካዋል፤ ሚዛን ደግሞ ይህን አይለይም። አጠገባቸው ቆመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር 5 ጊዜ ተነስተው እንዲቀመጡ ያድርጉ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀባቸው ጡንቻቸው ሳይደክም አልቀረም። ይኸው መነሳትና መቀመጥ መድኃኒቱም ነው፤ በየቀኑ፣ ጥቂት ጥቂት። ከእንጀራው ቀነስ፣ ከምስሩና ከእንቁላሉ ጨመር ያድርጉላቸው፤ አስቀድሞ ግን ኩላሊታቸው ይታይ። የሀብሩዋን የመርሳ ከተማ ማንጎ በልክ ይብሉት እንጂ ጨምቀው አይጠጡት። ዓቢይ ጾምም ሆነ ረመዳን ሲመጣ፣ የስኳር መድኃኒት ከጀመሩ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይጹሙ።