ከቀዶ ሕክምናና ከማደንዘዣ በፊት በስልክ የሚደረግ የጤና ግምገማ

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታወቀ በኋላ በነበረው የወረርሽኙ ወቅት፣ ወደ ጤና ተቋም የሚደረግ ምልልስ ታካሚውንም ባለሙያውንም ለበሽታው ሊያጋልጥ የሚችል ነበር። ይሁን እንጂ በቀጠሮ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰው አስቀድሞ በማደንዘዣ ባለሙያ መታየት አለበት። የዚህ ግምገማ ሰፊው ክፍል በጥያቄና መልስ የሚከናወን በመሆኑ በስልክ ወይም በቪዲዮ ጥሪ ሊጀመር ይችላል። አስተማማኝነቱ ግን ታካሚው በሚሰጠው የተሟላ መልስ ላይ ይመሠረታል።

ከጥሪው በፊት

ታካሚው ጸጥታ ባለበትና ኔትወርክ በማይቆራረጥበት ቦታ ሆኖ፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው፣ እንዲሁም የቀድሞ የምርመራ ውጤቶቹን አጠገቡ ሊያስቀምጥ ይገባል። የደም ግፊቱንና ክብደቱን በአቅራቢያው በሚገኝ ጤና ጣቢያ አስቀድሞ ቢለካ ይመረጣል። መስማት ለሚቸግራቸው አረጋውያን የሚያምኑት የቤተሰብ አባል አብሯቸው ቢሆን መልካም ነው።

ሊደበቅ የማይገባው

ባለሙያው ስለ አስም፣ ስለ ልብ ሕመም፣ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ እርግዝናና ስለ መድኃኒት አለርጂ ይጠይቃል። ታካሚው ወይም የሥጋ ዘመዱ ቀድሞ ማደንዘዣ ወስዶ ችግር ገጥሞት ከሆነ መናገር ያስፈልጋል። ዳገት ወይም ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፍ መውጣት መቻሉም የልብና የሳንባን አቅም ያመለክታል።

ጫት፣ ሲጋራ፣ አልኮልና የባህል መድኃኒት ብዙ ሰው በሐፍረት ወይም ቀላል ነገር ናቸው በማለት ሳይናገር የሚያልፋቸው ናቸው። ሆኖም ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ አንዳንድ ዕፅዋትም የደም መርጋትን ያውካሉ። ጥያቄው የሚቀርበው ታካሚውን ለመውቀስ ሳይሆን የሚሰጠውን ማደንዘዣ በጥንቃቄ ለመምረጥ ነው።

በቅርቡ በኮቪድ-19 የተያዘ ሰውም ይህንኑ ይግለጽ። በ116 አገሮች ከ140 ሺህ በላይ ታካሚዎችን ያካተተና በ2013 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ በበሽታው ከተያዙ 7 ሳምንት ሳይሞላቸው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች የሞት አደጋ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በመሆኑም ጊዜ የሚሰጥ ቀዶ ሕክምና ሊተላለፍ ይችላል።

ስልክ የማይተካው

በስልክ ልብንና ሳንባን ማዳመጥ፣ ደም መመርመርም አይቻልም። ለምሳሌ ለእንቅርት ቀዶ ሕክምና የተመዘገበች እናት በጀርባዋ ስትተኛ ትንፋሽ እንደሚያጥራት ብትናገር፣ እንቅርቱ የአየር ቧንቧን ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል በአካል መታየት አለባት። ጥሪው በዚህ ጊዜ ጉዞ ባያስቀርም፣ አደጋው በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን አስቀድሞ እንዲታወቅ አድርጓል። ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የደም መፍሰስ ወይም የወሊድ ችግር ሲያጋጥም ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

የመጨረሻዎቹ ሰዓታት

ማደንዘዣ የመዋጥንና የማሳልን ተፈጥሯዊ መከላከያ ስለሚያዳክም፣ በሆድ ያለ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ለአዋቂ ሰው በአብዛኛው ቀለል ያለ ምግብና ወተት 6 ሰዓት፣ ቅባት የበዛበት ምግብ 8 ሰዓት፣ ንጹህ ውኃ 2 ሰዓት አስቀድሞ ይቆማል። ባለሙያው የተለየ ትእዛዝ ከሰጠ ግን የእርሱ ይከበራል። የግፊት፣ የስኳርና ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችም በራስ ፈቃድ አይቋረጡም፤ የትኛው እንደሚወሰድ፣ የትኛው እንደሚቆም በጥሪው ወቅት ተጠይቆ በጽሑፍ ይያዝ።

ከጥሪው በኋላ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የማሽተት ችግር የጀመረው ታካሚ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቅ ለሆስፒታሉ ሊያሳውቅ ይገባል። ቀዶ ሕክምናው ለጥቂት ሳምንታት ቢዘገይ ሌላ ቀጠሮ ይያዛል፤ ተደብቆ የቀረ ምልክት ግን የታካሚውን ሕይወት ሊያሳጣ፣ የሚያክሙትንም ለበሽታ ሊዳርግ ይችላል።