ማሳሰቢያ ለሰፈራችን ወላጆች፦ የካርቶን ቁርስ ስንገዛ

የትምህርት ቤት ሰርቪስ ደጅ ቆሞ ክላክስ ሲያደርግ፣ ኮርንፍሌክስ ላይ ወተት አፍስሶ ልጅን መሸኘት የማይገላግለው ቤት የለም። ማናችንም ለክፋት አንገዛውም። ሆኖም ልጆቻችን አብረው ውለው፣ ተጎራርሰው ነው የሚመጡት፤ አንዳችን የገዛነው ለሌላውም ልጅ ይደርሳል።

እናድርግ

• ካርቶኑን አዙረን ጎኑን እናንብብ፤ የፊቱ ሥዕል ማስታወቂያ ነው። ይዘቱ የሚዘረዘረው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ስለሆነ፣ ስኳር ሁለተኛ ላይ ካለ ከእህሉ ቀጥሎ የበዛው እሱ ነው። ግሉኮስ ሲረፕ፣ ዴክስትሮዝና ማርም ከስኳር ይቆጠራሉ።

• ሁለት ካርቶን ስናወዳድር «በ100 ግራም» የሚለውን እንይ፤ ሌላው መለኪያ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። በእንግሊዝ አገር ስኳሩ ከ22.5 ግራም ካለፈ ከፍተኛ፣ ከ5 ግራም ካልበለጠ ዝቅተኛ ይባላል።

• የምንቀዳውን እንለካ። ብዙዎቻችን የምንዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ የአንድ ሰው ድርሻ ተብሎ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ 30 ግራም ነው፤ ልጅ ራሱ ሲቀዳ ግን በቀላሉ እጥፉን ይሞላል። በ100 ግራም 35 ግራም ስኳር ካለው፣ 60 ግራሙ 21 ግራም ስኳር ይዟል፤ አምስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከ2 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች የሚመክረው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም በታች ነው። ልጁ ሰርቪስ ሳይገባ የቀኑን ሊጨርስ ምንም አልቀረውም።

• ለጎረቤት ልጅ ከመስጠታችን በፊት እናቱን እንጠይቅ፤ ኦቾሎኒ ወይም ወተት የማይስማማው ልጅ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ግሉተን ለማይስማማው ደግሞ ከበቆሎ የሚሠራው ኮርንፍሌክስ ራሱ ብዙ ጊዜ የገብስ ብቅል ይገባበታል።

አናድርግ

• «በቫይታሚን የበለጸገ» በሚል ብቻ አንግዛ፤ ብረቱና ቫይታሚኑ መጨመሩ መልካም ነው፣ ስኳሩን ግን አያስወጣም።

• ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ያለበትን አንስጥ፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ በሽታ ሊያመጣበት ይችላል።

• ሥጋ የለበትም ብለን «የጾም ነው» አንበል፤ አንዳንዱ የወተት ዱቄት አለበት። ማርሽማሎው ያለው ደግሞ ከአሳማ ወይም ከከብት የሚገኝ ጄላቲን ይኖረዋል፤ ለጿሚውም ለሙስሊም ጎረቤታችንም የእምነት ጉዳይ ነው።

• ከካርቶኑ ወጥቶ በፌስታል የሚሸጠውን አንግዛ፤ ይዘቱና የሚያበቃበት ቀን ከካርቶኑ ጋር ተጥሏል።

• ልጆች ፊት ቂንጬን፣ በሶን ወይም የአጃ አጥሚትን አናጣጥል፤ ነገ ክፍል ውስጥ የሌላ ሰው ልጅ ምሳ ዕቃውን ለመክፈት ያፍራል። ቂንጬ ውስጥ የሚገባውን የምንወስነው እኛው ነን፤ ጠዋት የሚቸኩል ቤት ማታ ቀቅሎ፣ ፍሪጅ አሳድሮ፣ ጠዋት በትንሽ ቅቤ ወይም በዘይት ማሞቅ ይችላል።