የእስስት ቆዳና የሰው ፊት

እግዚአብሔር የፈጠረው ፍጥረት ሁሉ ለሚያስተውለው ሰው መምህር ነው። ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍም አራዊትንና አዕዋፍን ምሳሌ እያደረገ ማስተማሩ ስለዚህ ነው። እኛም ዛሬ ስለ እስስት ጥቂት እንናገራለን።

ቃሉን የሚለዋውጥ ሰው በቋንቋችን «እስስት» ይባላል። ነገር ግን ይህ ስድብ ለእስስት በእውነት ይገባታልን? በዛፍ ላይ የሚኖሩ አንዳንድ ትናንሽ እንቁራሪቶች ከጠላት ለመሰወር ቅጠሉን ወይም ቅርፊቱን ይመስላሉ። እስስት ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው የተቀመጠችበትን ሁሉ ለመምሰል አትለወጥም። ይልቁንም የሚለውጣት ቁጣና ፍርሃት፣ ሙቀትና ብርድ ነው። በ2007 ዓ.ም. የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የማዳጋስካርን እስስት መርምረው፣ በቆዳዋ ውስጥ ብርሃንን የሚመልሱ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች እንዳሉ ገለጡ። በዕረፍት ጊዜ ቅንጣቶቹ ተቀራርበው ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳሉ፤ ይህም ከቆዳው ቢጫ ቀለም ጋር ተዋሕዶ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ወንዱ ባላንጣውን ባየ ጊዜ ግን ቅንጣቶቹ ይራራቃሉ፤ መልኩም ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ይለወጣል።

እንግዲህ እናስተውል። እስስት በቆዳዋ የውስጧን ትገልጣለች፤ ግብዝ ሰው ግን በፊቱ የውስጡን ይሸሽጋል።

ከጅጅጋ በስተ ምሥራቅ፣ በወሰን ላይ ያለችውን የቶጎጫሌን ገበያ እናስብ። እሑድ ነጠላውን አጣፍቶ ሲያስቀድስ ያረፈደ ነጋዴ፣ ሰኞ ለወዳጁ አንድ ሚዛን፣ ከወሰን ማዶ ለመጣው እንግዳ ሌላ ሚዛን ቢያነሣ ምን ይባላል? እንግዳው ሚዛኑን ብቻ ሳይሆን በአንገቱ ያለውን ማተብም ያያል። በሚዛኑ ምክንያት የሚነቀፈው ማተቡ ነው።

በቋንቋና በሰላምታ ጎረቤትን መምሰል ኃጢአት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም ከሁሉ ጋር ተስማምቶ ኖሯል፤ ይኸውም ነፍስን ለማዳን እንጂ ጥቅም ለማግኘት አልነበረም። ነገር ግን ቅዱስ ጴጥሮስ በአንጾኪያ ሰውን ፈርቶ ከአሕዛብ ማዕድ በተለየ ጊዜ፣ ይኸው ጳውሎስ በሁሉ ፊት ገሠጸው (ገላ. 2፥11-14)። ልዩነቱ ለፍቅር መለወጥና ለፍርሃት ወይም ለትርፍ መለወጥ ነው።

እኛ ካህናትም ከዚህ ወቀሳ ውጭ አይደለንም። ለባለጸጋው የምናለዝበውን ተግሣጽ በድኻው ላይ የምናከብድ ከሆነ፣ ሁለት ሚዛን በእጃችን አለ። ስለዚህ አስቀድመን የራሳችንን ሚዛን እናቅና፤ ከዚያም ምእመናንን እናስተምር። መለወጥ የሌለበት አምላክ በአንድ ልብና በአንድ ቃል ያጽናን፤ አሜን።