የዋጋ ጉዳይና የቀን ጉዳይ

ከዲላ ወደ ደጋው ሲወጣ በምትገኘው ቡሌ ከተማ ውስጥ ሱቅ ያላትን አንዲት ሴት በዓይነ ሕሊናችን እንያት። ሰኞ ጠዋት ሳሙና ጎድሎባት ዲላ ወዳለው አከፋፋይ ስትደውል «ዋጋ ጨምሯል» ይላታል። በሌላ ሳምንት ስትደውል ደግሞ «ዕቃ የለም፤ መርካቶ ዝግ ነው» ይላታል። በሁለቱም ቀን ገዢው ፊቱን አጥቁሮ ስለሚወጣ ሁለቱ መልሶች ለእሷ አንድ ዓይነት ችግር ይመስሏታል። ነገር ግን የተለያዩ ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ልዩነቱን እንድታዩት ቀስ ብለን እንሄዳለን።

ከቃላቱ እንጀምር። «ፖሊሲ» ማለት መንግሥት በአንድ ጉዳይ ወዴት ማምራት እንደፈለገ የሚያሳይ አቅጣጫ ነው። አቅጣጫው ብቻውን ሱቅ አይደርስም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያወጣው አዋጅ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ፣ መሥሪያ ቤቶች በሚያወጡት መመሪያ በኩል ይወርዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ የሆነውን አስታውሱ። 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የቡሌዋ ባለ ሱቅ ዶላር በእጇ ነክታ አታውቅ ይሆናል። የምትቸረችረው የምግብ ዘይት ግን ከውጭ የገባ ነውና ውሳኔው በዘይቱ በኩል ቤቷ ገባ።

ቀጥሎ «አድማ» የሚለውን ቃል እንመልከት። በየዕለቱ ንግግራችን ተማሪ ክፍል አልገባም ሲልም፣ ታክሲ ሲቆምም፣ ሱቅ ሲዘጋም አድማ እንላለን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ትርጉሙ ጠባብ ነው፤ ተቀጣሪ ሠራተኞች አሠሪያቸው አንድን ጥያቄ እንዲቀበል በኅብረት ሥራ ሲያቆሙ ወይም ሲያቀዘቅዙ ነው። መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የተጻፈ ሲሆን፣ አዋጁ ደግሞ አድማ የሚጀምረው ወገን የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዝዛል። ነጋዴ የራሱን ሱቅ ሲዘጋ ከዚህ ትርጉም ውጭ ነው፤ የሚያነጋግረው አሠሪ የለውም። እንዲህ ያለውን «የሱቅ መዝጋት» ብለን ለይተን እንጥራው።

መለየቱ ለቃል ማሳመር አይደለም። የሠራተኞች አድማ ሲመጣ ይታያል፤ ሁለት ወገኖች አሉት፤ በአብዛኛው ስምምነት የተፈረመ ቀን ያበቃል። የሱቅ መዝጋት ግን ቀጠሮ የለውም፤ የሚፈርምለትም ሰው የለም። ባለ ሱቋ ለመጀመሪያው ልትዘጋጅ ትችላለች። ሁለተኛው ግን ሳታስበው ይደርስባታል።

ሦስተኛው ቃል «ፖስታ» ነው። ዘመናዊው የኢትዮጵያ ፖስታ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ተመሠረተ፤ በ1901 ደግሞ አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። በእኛ አገር ደብዳቤ በአብዛኛው ደጃፍ ድረስ አይመጣም፤ ባለቤቱ ወደ ፖስታ ሣጥኑ ይሄዳል። ስለዚህ ትንሽ ነጋዴ በፖስታ ቤት ብቻ ተማምኖ አያውቅም። ፖስታ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ መልክትን፣ ዕቃንና ገንዘብን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ማድረስ ነው። በቡሌና በዲላ መካከል ይህን ሥራ ለረጅም ጊዜ የሠራው ማነው? የአውቶቡስ ረዳትና የአይሱዙ ሹፌር ናቸው። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ «2 ካርቶን ሳሙና፣ 1 ካርቶን ባትሪ፣ ግማሽ ደርዘን ኩራዝ» ተብሎ ይጻፋል፤ ገንዘቡ በወረቀቱ ይጠቀለላል፤ ረዳቱ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ «አደራ» ይባላል። ከሰዓት በኋላ ዕቃው ከመኪናው ጣሪያ ላይ ይወርዳል። ከግንቦት 2013 ጀምሮ ገንዘቡ በቴሌብር፣ መልክቱም በስልክ መሄድ ይችላል። ሳሙናው ግን አሁንም መኪና ይፈልጋል።

እስካሁን ያልነውን እንሰብስብ። ፖሊሲ የመንግሥት አቅጣጫ ነው፤ አድማ የተቀጣሪዎች ሥራ ማቆም ነው፤ የሱቅ መዝጋት የነጋዴዎች ነው፤ ፖስታ ደግሞ ሕንፃው ሳይሆን የማድረስ ሥራው ነው። በዚህ ትርጉም ከዲላ ወደ ደጋው የሚወጣው መኪና ሲቆም የቡሌ ፖስታ ቆመ ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን። የፖሊሲ ለውጥ በአብዛኛው የሚነካው ዋጋን ነው። የማድረስ ሥራ መቆም የሚነካው ቀንን ነው። ሁለቱንም በቁጥር እንያቸው።

በታኅሣሥ 30 ቀን 2017 የአንድ ሊትር ናፍጣ ዋጋ ከ90 ብር ከ28 ሳንቲም ወደ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ከፍ አለ። ጭማሪው 8 ብር ከ70 ሳንቲም ነው። ለትምህርት ያህል አንድ አይሱዙ ከዲላ ቡሌ ደርሶ ለመመለስ 10 ሊትር ይፈጃል እንበል፤ ጭማሪው 87 ብር ሆነ። መኪናው 60 ካርቶን ጭኖ ከሆነ ለአንድ ካርቶን 1 ብር ከ45 ሳንቲም ይደርሰዋል። ካርቶኑ ውስጥ 48 ሳሙና ካለ ለአንዱ ሳሙና 3 ሳንቲም ገደማ ነው። እርግጥ ናፍጣው ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳ እስከ ዲላም ጨምሯል፤ ጎማና የጭነት ሠራተኛም ይከተላሉ። ሃያ እጥፍ እናድርገው፤ 60 ሳንቲም ይሆናል። እንግዲህ «በነዳጅ ምክንያት ነው» ተብሎ 5 ብር የተጨመረበት ሳሙና ካያችሁ ቀሪው ከሌላ ቦታ እንደመጣ አወቃችሁ። የዋጋ ጉዳይ ጠባዩ ይህ ነው፤ ይካፈላል፣ ይሰላል።

የቀን ጉዳይ እንዲህ አይካፈልም። «መንቀሳቀሻ ገንዘብ» ማለት ነጋዴው ዕቃ ገዝቶበት፣ ሸጦ፣ መልሶ የሚገዛበት ገንዘብ ነው። ባለ ሱቋ 20,000 ብር መንቀሳቀሻ አላት እንበል፤ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ይዞርላታል፤ በአንድ ዙር 1,200 ብር ታተርፋለች። ከዚህ ትርፍ ለዕቁብ 500፣ ለቤቷ 700 ታወጣለች። መኪና አንድ ሳምንት ቢቆም ያ ዙር የለም። ዕቁቡ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፤ ልጆችም ይበላሉ። ስለዚህ 1,200ው ከመንቀሳቀሻው ላይ ይነሣል፤ 18,800 ብር ይቀራል። መኪናው ሲመለስ ዋጋው ምንም አልተለወጠም ይሆናል። እሷ ግን የምትገዛው ዕቃ አንሷል፤ ትርፉም አንሶ ይቀጥላል። ትልቅ አስመጪ አንድ ሳምንት ሲቆምበት ከመጋዘኑ ይሸጣል። የእሷ መጋዘን መደርደሪያዋ ነው። መቆሙ ታችም ይወርዳል። ከደጋው ወደ ዲላ ገበያ የሚጫነው ቆጮና ገብስም በዚያው መኪና ነውና፣ ገበሬው ሳይሸጥ ከሷ ምን ይገዛል?

ስሕተቱ የሚመጣው ሁለቱ ሲደበላለቁ ነው። የፖሊሲ ለውጥ በመጣ ጊዜ «ያልፋል፣ ይወርዳል» ብላ በድሮው ዋጋ የሸጠች ነጋዴ፣ በሸጠችበት ገንዘብ ያንኑ ዕቃ መልሳ መግዛት ያቅታታል። ይህን «መተኪያ ዋጋ» እንለዋለን፤ የተሸጠውን ለመተካት ነገ የሚጠየቀው ዋጋ ማለት ነው። በተቃራኒው መኪና በቆመ ሳምንት በድሮ ዋጋ የገዛችውን ሳሙና ያስወደደች ነጋዴ፣ ሊያልፍ የተቃረበን ነገር እንደ ቋሚ ቆጥራለች፤ ጎረቤቶቿም ያንን ሳምንት አይረሱትም። ለዋጋ ጉዳይ መልሱ ሒሳብን እንደ አዲስ መሥራት ነው። ለቀን ጉዳይ መልሱ ቶሎ የሚያልቀውን ዕቃ አንድ ካርቶን አስቀድሞ ማስቀመጥና ከዲላው አከፋፋይ ጋር በደኅናው ጊዜ ስለ ዱቤ መነጋገር ነው።

ሁለቱን መለየት የሚከብደው ዘወትር አንዱ ሌላውን ስለሚወልድ ነው። በ1966 የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፤ በየካቲት የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ፤ በቀናት ውስጥ ዋጋው ቀነሰ። በሐምሌ 2009 የአነስተኛ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት ሲነገር በአምቦና በሌሎች ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። ውጭ አገርም እንዲሁ ነው። መስከረም 15 ቀን 2018 የካናዳ መንግሥት ደብዳቤ በየቤቱ ደጃፍ ማድረስ ቀስ በቀስ እንዲቀር መወሰኑን ሲያስታውቅ፣ የፖስታ ሠራተኞቹ በዚያው ዕለት ሥራ አቆሙ። በሦስቱም ቦታ መነሻው የመንግሥት ውሳኔ ነበር፤ ለትንሹ ነጋዴ የደረሰው ግን የቆመ ቀን ነው።

አንድ ሳምንት ወስደን ያየነውን እንፈትነው። ኅዳር 6 ቀን 2017 በካናዳ 55,000 ያህል የፖስታ ሠራተኞች አድማ ጀመሩ፤ እስከ ታኅሣሥ 8 ቆየ። አድማው ከተጀመረ ከቀናት በኋላ፣ ሰኞ ኅዳር 9፣ መርካቶ ውስጥ በደረሰኝ ቁጥጥር ምክንያትና «ዕቃ ሊወረስ ነው» በሚል ወሬ ብዙ ሱቆች ተዘጉ፤ የከተማው ገቢዎች ቢሮ ወሬው ሐሰት ነው አለ። የመጀመሪያው በትርጉማችን አድማ ነው፤ የታወቀ አሠሪና የታወቀ ማኅበር ነበረው፤ ለገና በዓል የሚልኩትን ዕቃ ያዘጋጁ ትንንሽ ነጋዴዎች ቢጎዱም ድርድሩን በየቀኑ ይከታተሉ ነበር። ሁለተኛው የሱቅ መዝጋት ነው፤ ማንም ቀጠሮ አልያዘለትም። በደረሰኝ የመሸጥ ግዴታው ራሱ ግን ፖሊሲ ነው፤ ሱቆቹ ከተከፈቱም በኋላ ይቀራል።

በዚያች ሰኞ የቡሌዋ ባለ ሱቅ ደብተሯን ሁለት ዓምድ አድርጋ ብትከፍል ምን ትጽፍ ነበር? «ቀን» በሚለው ሥር፦ ሳሙና ለአራት ቀን ይበቃል፤ ለአንድ ሰው ከሁለት በላይ አልሸጥም፤ ዋጋው የድሮው። «ዋጋ» በሚለው ሥር፦ ዲላ ከዛሬ ጀምሮ በደረሰኝ ቢሸጥልኝ ስንት ይጨምርብኛል? አከፋፋዩን ሐሙስ ልጠይቅ።